በሩን የማይከፍተው አባት

«አትነቃነቅ፤ መርፌዋ ስትወጋህ በእኔ እንዳታሳብብ» አለች ሚስቱ፣ የካባውን ጫፍ እያጠፈች። እሷ የቴአትር ቤቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ እሱ ደግሞ ዋናው ተዋናይ።

ለዓመታት የሚጫወተው ያንኑ የድሮ ትራጄዲ ነው። አባት ያለ ፈቃዱ ያገባችውን ልጁን «ደጄን እንዳትረግጪ» ይላታል። በኋላ ተመልሳ በሩን ስታንኳኳ ሆዱ ይባባል፤ ግን ሰው ምን ይለኛል ብሎ ሳይከፍትላት ደጅ ላይ ትሞታለች።

ጣጣው ቤቱ ድረስ ተከትሎት መጣ። ባለፈው ወር ልጃቸው «የአውቶቡስ ሾፌር ላገባ ነው» ብትለው፣ ደንግጦ የራሱን ቃል ሲፈልግ የለመደው የመድረክ ቃል ቀድሞት ወጣ፤ «የእኔ ቃል አይታጠፍም። ደጄን እንዳትረግጪ።» ያውም በዚያ የመጨረሻው ወንበር ድረስ በሚሰማ ድምፁ። ልጅቷ እያለቀሰች አክስቷ ቤት ገባች። ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤቶችም ሰምተው ኖሮ፣ በማግስቱ ፀጉር አስተካካዩ «አባት እንደ እርስዎ ነው» ብሎ ሂሳብ አልቀበልም አለው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ከዚያ ወዲያ እንዴት ብሎ ይመለስ? ሠርጉ እሁድ ነው። ሰውየውን በልጁ ናፍቆት እህል አልበላ ብሎታል።

ወጣቱ አዘጋጅ አንገቱን በበሩ አስገባ።

«ጋሼ፣ ትናንት ልምምድ ላይ በሩ ሲንኳኳ ሊነሱ ነበር እኮ። እንዳይነሱብኝ፤ ቴአትሩ ያልቃል። ያኔ አባት ከልጁ ሞት ይልቅ የሰፈሩን አፍ ነበር የሚፈራው።»

«ያኔ» አለች ሚስቱ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

አዘጋጁ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ባልየው ግን ፊቱ ቀላ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ምንም። ደግነቱ ያ ዘመን አልፏል ማለቴ ነው።»

ሊቆጣ አሰበና ሳቁ አመለጠው። ይህችን ሴት የሚወዳት ለዚህ ነው፤ ስትወጋው እንኳ ቦታ ትመርጣለች። ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት፤

«ያ ፀጉር አስተካካይ ግን ምን ይለኛል?»

«ምን ይልሃል? ሂሳብ ያስከፍልሃላ።»

ካባውን አውልቆ ወንበሩ ላይ ጣለው።

«ይሄ ይቆይ። ያቺ ጥቁር ሱፌ ወገቧ ሳይጠበኝ አይቀርም። ለእሁድ ታደርሺያታለሽ?»

ሜትሯን ከአንገቷ ላይ አነሳች። እሱም እጆቹን ወደ ጎን ዘርግቶ እስክትለካው ቆመ።