የቢካጃን ቋጠሮ

አይ፣ ዛሬም አይነካትም፣ አፍንጫውን ብቻ ወደ እምብርቷ ያስጠጋል፣ ሜሎን የልቧን የምትናገረው በእምብርቷ በኩል ነው፣ ትላንት ማር ማር ትል ነበር፣ ዛሬ ከማሩ ሥር ሌላ ነገር አለ፣ መኮምጠጥ የጀመረ ነገር፣ ጉንፋን ይዞኝ ይሆናል ይላል ኩርያዝ ለራሱ። ጉንፋን የለበትም።

የጭቃዋ የሜሎን ቤት ጨለማ ናት፣ በቄጠማ መረብ ከጣሪያው ተንጠልጥለው ብርዱን የከረሙት ሜሎኖች ሁሉ ተበልተዋል፣ መረቦቹ ባዷቸውን ይወዛወዛሉ፣ አንዲት ብቻ ቀርታለች፣ ሚስቱ ቢካጃን በመከር ከጓሮ ቆርጣ የሰቀለቻት፣ በዚያ በግራኝ እጇ ቋጥራ፣ ይቺን እንዳይነኩብኝ አንቱ የኤርገሽ አባት፣ ልጄ ከሩስያ ሲመጣ በእጄ ነው የምቆርስለት፣ አይጥ በላት ብለው ደግሞ እንዳያታልሉኝ፣ የአይጡን ጢም አውቀዋለሁ። ጢሙን አየችና ሳቀች። በረዶ ሳይጥል ሞተች።

ኤርገሽ ለቀብሯ አልደረሰም፣ አሠሪው ፓስፖርቱን ይዞበት ነው አሉ፣ ይሁን፣ ሰዉ ግን መጣ፣ ጎረቤቱ ሁሉ፣ ሴቶቹ ጓዳ ገብተው ጉድ ጉድ አሉ፣ ምድጃው አጠገብ በጨርቅ የተቋጠረ የሜሎን ዘር አገኙ፣ የሚቆረጠም መሰላቸው፣ በጨው ቆልተው ለለቀስተኛው አዞሩት፣ እሱም ቆረጠመ፣ እጁ እየዘገነ አፉ እየቆረጠመ ዓይኑ ሌላ ቦታ፣ ምራቱ ሻሪፋ ባዶውን ጨርቅ ይዛ በሩ ላይ ስትቆም ነው የገባው። የጓሮው ዘር። ቢካጃን ስታገባ ከእናቷ ቤት ይዛው የመጣችው። ሊያጽናና የመጣን ሰው ምን ይሉታል፣ ጨውን ከከንፈሩ ጠረገ።

አሁን የቀረው ዘር በዚህች በተሰቀለችው ሜሎን ሆድ ውስጥ ያለው ነው፣ ከበሰበሰች ዘሩም አብሮ ይበሰብሳል፣ ከቆረጣት ደግሞ፣ ከቆረጣት ልጁ አይመጣም ማለት ነው፣ እንደዚያ ነው፣ ማንም አላለውም ግን እንደዚያ ነው።

አባባ፣ ኤርገሽ ነው፣ ሻሪፋ ስልኩን ትዘረጋለች፣ ዓይኗ ቀልቷል፣ ቀድሞ ነግሯታል ማለት ነው፣ አባዬ ዘንድሮም መምጣት አልሆነልኝም፣ እሺ፣ ይሰማል አባዬ፣ ይሰማል፣ ያቺ እማዬ የሰቀለችልኝ አሁንም አለች እንዴ፣ አለች፣ ይብሏት በቃ አባዬ፣ እዚህ ገበያው ሜሎን በሜሎን ነው፣ ገዝቼ እበላለሁ።

ገዝቶ ይበላል።

እሺ ይላል ኩርያዝ፣ ስልኩን ይመልሳል፣ በርጩማው ላይ ይወጣል፣ ቋጠሮው እንቢ ይላል፣ ቀኝ አውራ ጣቱ ይንሸራተታል፣ ቢላ ላምጣ አባባ ይበጥሱት፣ አይሆንም፣ የቢካጃን እጅ እዚህ ላይ ነው ያለው፣ የመጨረሻው፣ በቢላ አይሆንም፣ ግራ እጁን ይሰዳል፣ እንዲያው ዝም ብሎ፣ ገመዱ ላላ፣ ተፈታ፣ በግራ የተቋጠረ በግራ ይፈታል ለካ፣ ይህን ሁሉ ዘመን አብሯት ኖሮ።

ነጭ ሥጋዋ ጫፍ ጫፉን ለስልሷል፣ መሐሏ ደህና ነው፣ ለሻሪፋ ይቆርስላታል፣ ታኝካለች፣ አትውጥም፣ እሱ ዘሩን በጣቱ እየለቀመ ያጥባል፣ የጓሮው መሬት ውሃ ተለቅቆበት ጨዉን ታጥቦ ተዘጋጅቷል፣ ብቻውን ነው ያጠበው፣ ነገ መዝራት ይቻላል፣ ቢካጃን ብትኖር እጁን በመታችው፣ ትኩስ ዘር ጎረምሳ ነው የኤርገሽ አባት፣ ሐረግና ቅጠል ብቻ ነው፣ ሦስት ክረምት መተኛት አለበት፣ ፍሬ የሚሰጠው ሽማግሌው ነው፣ መቼም ለእርስዎ አይነገርም።

ሦስት ክረምት። ጉልበቱ፣ ሌሊት የሚያፍነው ደረቱ። ሦስት።

ዘንድሮ ጓሮው ላይ ምን እንዝራ አባባ።

ዱባ።

ዘሩ በምድጃው ጥግ እስኪደርቅ አጠገቡ ይቀመጣል፣ ማንም እንዳይቆረጥመው፣ ከዚያ በዚያው ጨርቅ ያስረዋል፣ በግራ እጁ፣ ይፈታበታል፣ እንደገና፣ አሁን ያዘ፣ ባዶው መረብ ውስጥ አስገብቶ ከጣሪያው ይሰቅለዋል፣ ይህን እንዳትነኩት፣ እሺ አባባ፣ እስከ መቼ፣

ሦስት ክረምቱን እስኪተኛ ድረስ ይላታል፣ ከበርጩማው አይወርድም፣ መረቡ መወዛወዙን እስኪተው በእጁ ደግፎ ይዞታል።