ሩምና የመደብ ልዩነት

ብርቅዬ ጉልላት አፍንጫዋን የወረሰችው ከአባቷ ነው። አባቷ ከከፋ ማር እያስመጡ መርካቶ የሚነግዱ ሰው ነበሩ፤ የጣሳውን ክዳን ገርበብ አድርገው አንዴ ሳብ ካደረጉ፣ ንቡ የቀሰመው የየትኛውን ዛፍ አበባ እንደሆነ ይናገራሉ። ልጃቸው ማሩን ትታ ሩም ላይ ወደቀች። ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወደ ቀራንዮ ሲወረድ ቡናማ በር ያለው የመጠጥ ፋብሪካ ነበር፤ እዚያ ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ስታሸት ኖረች። «ሥራሽ ምንድነው?» ሲሏት «ማሽተት» ትላለች። ሰው ይስቃል፣ እሷም አብራ ትስቃለች። ምን ታድርግ፣ ደመወዝ የሚበላ አፍንጫ ያላት ኮልፌ ውስጥ እሷ ብቻ ነበረች!

ሥራው ግን ቀልድ አይደለም። ከስኳር ፋብሪካ በቦቴ የሚመጣው ሞላሰስ፣ ያ ጥቁር የስኳር ዝቃጭ፣ ይጠነሰሳል፣ በመዳብ ጋን ይፈላል፣ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ ይላል። ብርቅዬ በመለኪያ ትቀዳና አፍንጫዋ ሥር ይዛ ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች። ሰካራም ሩምን የሚለየው ራሱን በሚያዞርበት ፍጥነት ነው፤ ባለሙያ የሚለየው ግን ጠረኑ በሚጮኽበት መጠን ነው። ይህን ያስተማራት የድሮው የፋብሪካው ባለቤት፣ ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪክ ነው። እሱ በቁጥር ነበር የሚጠራቸው፤ እሷ ቁጥር ስለማይጥማት ስም አወጣችላቸው። ሁለት ቀን ብቻ ተጠንስሶ የሚወጣው «ዝምተኛው» ነው፤ አፍንጫ ላይ ቢደፉት ምንም አይል። ቀጥሎ «ጨዋው» አለ፤ ጠጋ ላለው ሰው ብቻ ሙዝ ሙዝ ይላል። ሦስተኛው «ለፍላፊው»፣ ቡሹ ሳይነሳ ወሬ የሚጀምር። የመጨረሻው «እሪታው» ነው።

እሪታውንስ እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ! ወር ሙሉ ተጠንስሶ፣ ጓሮ በተቆፈረ ጉድጓድ ለዓመታት የተጠራቀመ አተላ ተጨምሮበት የሚወጣ ጉድ ነው። ማስቲሽ ማስቲሽ ይላል፣ የተበላሸ አናናስ ይላል፣ ከሥር ደግሞ ዝናብ የመታው ኮርቻ ይላል። ነፋሱ ከቀራንዮ በኩል የነፈሰ ዕለት፣ ማዞሪያው ላይ ያሉ ባለ ኪዮስኮች «ዛሬ ደግሞ ምን ሞተ?» ይባባላሉ። ለብቻው የጠጣው ሰው አይታወቅም። ነገር ግን አንድ መለኪያ፣ አንዲት መለኪያ ብቻ፣ በርሜል ሙሉ ዝምተኛ ላይ ጠብ ሲደረግ ያ ዲዳ ሩም አፍ ያወጣል! የፋብሪካው ስም የቆመው በዚያች መለኪያ ላይ ነው። ታዲያ ፋብሪካው ሲወረስ የንጽሕና ኮሚቴ ተቋቋመና የመጀመሪያ ሥራው የአተላውን ጉድጓድ ማስደፈን ሆነ። የቀረው እሪታ አንድ በርሜል ነው። አንድ! በመለኪያ ከተቆጠበ ብርቅዬን ጡረታ ያወጣል፣ ከእሷ በኋላ የሚመጣውንም ያኖራል። ከባከነ ግን ሌላ የለም።

መዘዙ የመጣው በጥሩነህ የእጅ ጽሑፍ ነው። ጥሩነህ የመጋዘኑ ኃላፊ ነው፤ ቄስ ትምህርት ቤት ያሳደገው፣ ፊደል አሳምሮ የሚጥል ሰው። «እኔ እሪታ ብዬ ግድግዳ ላይ አልጽፍም፣ ነውር ነው» አለና በትልቅ ሰሌዳ ላይ «የሩም መደብ» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ ከዝምተኛው ጀምሮ አንደኛ መደብ፣ ሁለተኛ መደብ እያለ እሪታውን አራተኛ አድርጎ ደረደረ። ለብዙ ዓመት ማንም ምንም አላለም።

በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ፓርቲ ሊመሠረት ነው እየተባለ ሲወራ፣ ለፋብሪካው አዲስ ካድሬ ተመደበ። ስሙ መኳንንት። አዎ፣ መኳንንት! ጭቁኑን ነፃ ሊያወጣ የመጣው ሰው ስሙ መኳንንት! ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ቀጭን፣ መነጽር የሚያደርግ፣ ካኪው የሰፋው ወጣት ነው። ስሙ በተጠራ ቁጥር ጆሮው ይቀላል። ሰኞ ጠዋት መጋዘኑን ሊያይ ገባና ሰሌዳው ፊት ተገትሮ ቀረ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የሩሙ መደብ ነው፣ ጓድ» አለ ጥሩነህ ደረቱን ነፍቶ፤ ፊደሉ የተደነቀለት መስሎታል።

«መደብ? አብዮቱ በፈነዳ በሰባተኛ ዓመቱ፣ በሕዝብ ፋብሪካ ውስጥ፣ አራት መደብ?»

ብርቅዬ ነገሩ አልገባትም። እሷ የምታውቀው ሌላ መደብ ቢኖር የሚተኛበትን ነው። «ጓድ፣ እዚህ መደብ ማለት እኮ...» ብላ ስትጀምር እጁን አነሳ።

«አንደኛው መደብ ስንት በርሜል ነው?»

«ሠላሳ ስምንት» አለ ጥሩነህ።

«አራተኛውስ?»

«እሱማ አንድ ነው።»

«አያችሁ!» አለ መኳንንት፣ ሌባ እጅ ከፍንጅ እንደያዘ ሰው። «ሠላሳ ስምንቱ ሲለፋ አንዱ ጥግ ይዞ ይኮፈሳል! ቅዳሜ የበላይ አካል ይጎበኘናል። እስከዚያ ሁሉም በርሜል አንድ ታንክ ውስጥ ይገልበጥ። መደብ የሌለው ሩም እናሳያለን!»

ብርቅዬ መንገዱ ላይ ቆመች። «ኧረ በሕግ! ጓድ መኳንንት፣ ያ በርሜል ከተገለበጠ ሁሉም ይገማል፤ አንድ ሰው አፉ ላይ አያደርገውም። ደግሞ ሌላ የለንም እኮ!»

«አንቺ የድሮው ባለቤት አመለካከት ተጋብቶብሻል» አላት። «ግለ ሂስ አዘጋጂ።»

ሁለት ቀን እህል አልዋጥላት አለ። ሃያ ዓመት ያሸተተችው፣ ሙሴ ያኒ ሲሄድ «አደራ» ብሎ የተወላት፣ ቅዳሜ ሊደፋ ነው። ጥሩነህ ጥፋቱ የእሱ ስለሆነ ከአጠገቧ አልጠፋ አለ። «በርሜሉን ብንደብቀውስ?» ብሎ አንሾካሾከላት።

«በርሜሉን ደበቅኸው፤ ሽታውንስ የት ታደርገዋለህ?» አለችው። እውነቷን ነው። እሪታን ደብቆ ማንም አልተሳካለትም።

ሮብ ከሰዓት በኋላ የውይይት ክበብ ነው። ብርቅዬ እንደ ወትሮው ከኋላ ተቀምጣ ልታንቀላፋ ተመቻቸች። መኳንንት ጠቋሚ ዱላውን ይዞ ስለ ግንባር ቀደም ፓርቲ ያስረዳል። «ግንባር ቀደሙ በቁጥር ጥቂት ነው፣ ጓዶች! ነገር ግን ብርቱ ነው። ሰፊው ሕዝብ ውስጥ ጥቂት በጥቂት እየገባ ያነቃዋል!»

የብርቅዬ እንቅልፍ ብን ብሎ ጠፋ። ዓይኗን በጨው አጥባ ብድግ አለች። በሦስት ዓመት ውስጥ ክበቡ ላይ ቃል ስትተነፍስ የመጀመሪያዋ ነው።

«ጓድ፣ ጥያቄ አለኝ። ሰፊው ሕዝብ ያሉት ብዙ ነው አይደል?»

«እጅግ ብዙ!»

«ግን ዝምተኛ ነው።»

«እ... ለጊዜው አልነቃም ማለት ይቻላል።»

«ግንባር ቀደሙ ደግሞ ጥቂት ነው፤ ሲበዛም ጯሂ ነው።»

«ድምፁ ከፍ ያለ ነው እንበል።»

«እሺ፣ ታዲያ ይሄን ግንባር ቀደም በአንድ ቀን ሕዝቡ ላይ ብንገለብጠውስ?»

መኳንንት ደነገጠ። «እንዴት ተደርጎ! እንዲያ ከሆነ ይባክናላ! ትንሽ ትንሽ፣ በየቦታው፣ በመጠን ነው እንጂ!»

«በመለኪያ በሉኛ!» አለች ብርቅዬ። «እንግዲያው መጋዘን ውስጥ ያለውን የኛን ግንባር ቀደም ስለ ምን ቅዳሜ ያስገለብጡታል?»

ጥሩነህ ትን ብሎት ሳለ። መኳንንት መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ከዚያ ፊቱ እንደ ፋሲካ ሕፃን በራ። «ዲያሌክቲክ!» ብሎ ጮኸ። «ጓዶች፣ ይሄ እኮ ንጹሕ ዲያሌክቲክ ነው! አንቺ ይህን ከየት አነበብሽ?»

«ከበርሜል ነው» አለች ብርቅዬ።

በማግስቱ ሰሌዳው ታጥቦ እንደገና ተጻፈ። ዝምተኛው «ሰፊው ሕዝብ» ሆነ፣ ጨዋው «የነቃ»፣ ለፍላፊው «የተደራጀ»፣ እሪታው ደግሞ በቀይ ቀለም «ግንባር ቀደም»። ጥሩነህ ፊደሉን አሳምሮ ጣለው። ብርቅዬ እፎይ ብላ በበርሜሏ ጎን ቆመች። መች በዚህ ቢበቃ!

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የበላይ አካሉ ከነአጃቢዎቹ መጣ። ጓድ ተክለማርያም ይባላል፤ ወፍራም ነው፣ ጢሙ ከአፉ ቀድሞ የሚገባ፣ ወገቡ ላይ ሽጉጥ ያንጠለጠለ። ሰሌዳውን ጮክ ብሎ አነበበ፤ መኳንንት ላብ በላብ ሆኖ ምስጢሩን አስረዳው። ጓድ ተክለማርያም በጣም ደስ አለው። የዝምተኛውን መለኪያ ጨለጠና «ሰፊው ሕዝብ ለስላሳ ነው» ብሎ ሳቀ፤ አጃቢዎቹም ሳቁ። ከዚያ እጁን ዘረጋ።

«እስቲ ግንባር ቀደሙን ቅዱልኝ።»

ብርቅዬ ቀጥ አለች። «ጓድ፣ እሱ ለብቻው አይጠጣም። ሌላው ላይ ጠብ ተደርጎ ነው እንጂ...»

«ምን ማለትሽ ነው? ሰፊውን ሕዝብ ጠጥቼ ግንባር ቀደሙን ልተወው?»

ምን ይዋጣት? ካልቀዳችለት ንቀት ነው። ቀድታለት ከተፋው ደግሞ ሰሌዳው ስድብ ሆነ፣ በርሜሉ ቦይ ውስጥ ተደፋ፣ እሷም የምትሄድበትን እግዜር ይወቅ። ቡሹን አንስታ አንድ መለኪያ ቀዳችለት። ሁለት አጃቢዎች ወደ በሩ አፈገፈጉ። መኳንንት ጠጋ ብሎ፣ ካድሬነቱም ጓድነቱም ጠፍቶት፣ «እትዬ ብርቅዬ፣ ይገድለዋል እንዴ?» አላት።

«አይገድለውም» አለችው በቀስታ፤ «ሞትን ያስመኘዋል እንጂ።»

ጓድ ተክለማርያም አንዴ ገለበጠው። ጢሙ ተንቀጠቀጠ። ዓይኑ ፈጠጠ፣ ቀላ፣ እንባ አቀረረ። ጉንጩ ተነፍቶ ቀረ። ሊተፋው ወደ ቀኝ ዞረ፤ ሠራተኛው ሁሉ ተሰልፎ ያየዋል። ወደ ግራ ዞረ፤ በቀይ የተጻፈው ግንባር ቀደም አፍጥጦ ይጠብቀዋል። በሠርቶ አደሩ ፊት ግንባር ቀደምን እንዴት ብሎ ይትፋ? ዋጠው። ሲወርድ ጉሮሮው ላይ ይታይ ነበር። ብርቅዬ በልቧ መድኃኔ ዓለምን ጠራች።

ብዙ ቆይቶ ትንፋሹ ሲመለስ፣ በሰለለ ድምፅ እንዲህ አለ።

«ይሄ... ይሄ ግንባር ቀደም... ሕዝብ ከሌለበት... ለብቻው መርዝ ነው!»

ምን እንዳለ የሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የእሱን ያወጣው ሞላሰስ ነው። አንዱ አጃቢ ጣሪያ ጣሪያውን አየ፤ ሌላው የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። መኳንንት እርሳሱን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ከበርሜሎቹ ጀርባ አንድ ሰው ሳቁን ሊውጥ ሲል ስቅ አለው። ጓድ ተክለማርያም እንደ ተያዘ ሰው ዙሪያውን ቃኘ፤ ወዝ ፊቱን አጥለቅልቆታል።

ብርቅዬ አዘነችለት። እውነቷን ነው፣ ከልቧ አዘነችለት! ውኃ ሰጠችውና ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ «እኔም የምለው ይሄንኑ ነው፣ ጓድ» አለች። «ለአንድ በርሜል አንድ መለኪያ። ያኔ ሕዝቡም ይጣፍጣል፣ እሱም ይወደዳል።»

«አንድ መለኪያ!» አለ ጓድ ተክለማርያም፣ ገደል አፋፍ ላይ ሥር እንዳገኘ ሰው ቃሉን አንቆ። «ልክ ነው! ልል የፈለግሁት ይሄንኑ ነው! ጻፍ፣ ጓድ!»

መኳንንት የመጨረሻዋን መስመር ከራሱ ጨምሮ ጻፈ፦ «ግንባር ቀደም ለብቻው አይቀርብም። ለአንድ በርሜል ከአንድ መለኪያ አይበልጥም። ያለ ጓድ ብርቅዬ ፈቃድ በርሜሉን መንካት ክልክል ነው።» ጓድ ተክለማርያም ፈረመ፤ ማኅተሙም ከኪሱ አይጠፋምና እዚያው በርሜሉ ላይ አስደግፎ መታው።

ብርቅዬ ወረቀቱን ተቀብላ ለሠራተኛው ጮክ ብላ አነበበችው። በዚያ ዘመን ጭብጨባ ጀማሪ ነበረው፤ አንድ ሰው ሲጀምር ሌላው ይከተላል። ያን ዕለት ጀማሪ አላስፈለገም። ብርቅዬ ሦስተኛውን መስመር ሳትጨርስ መጋዘኑ ተናጋ፤ ጥሩነህ እያለቀሰ ያጨበጭባል፣ መኳንንት ራሱ ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ያጨበጭባል። ጓድ ተክለማርያም ለእሱ መስሎት እጁን ከፍ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ።