ባለ ሁለት ጫፉ ቢጫ ገመድ

ቴክኒሻኑ ገና በበሩ ሳይገባ አያት አንድ ነገር ልብ አሉ፤ ቦርሳው ለመፍቻና ለሽቦ ሲበዛ ሰፊ ነው። ኮምፒውተር ይዞ ለመውጣት ግን ልክ ነው። ገብቶ ሥራ ሲጀምር ወንበራቸውን ጎትተው ከጀርባው ተቀመጡ።

የልጅ ልጃቸው ሰዓቷን እያየች ትንቆራጠጣለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሥራ ቃለ መጠይቅ በኮምፒውተር ይጠብቃታል፤ የቀራት ግማሽ ሰዓት ነው። ኢንተርኔቱ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ የለም። ስልክማ እዚህ ቤት ውስጥ «ሃሎ» ሳይባል ይቆረጣል።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ኢንተርኔት አከፋፋይ ሣጥን፣ የራውተሩ መብራቶች ያለ ዕረፍት ይርገበገባሉ።

«ፓስወርዱን ይንገሩኝ፣ እማማ።»

«ምን ሊያደርግልህ?»

«ገብቼ ልየው።»

«ዓይን አለህ አይደል? ከውጭ እየው!»

«እምዬ፣ በናትሽ!» ብላ ልጅቷ ነገረችው። አያት የቤታቸው ቁልፍ ገበያ መሃል የወደቀ ያህል ቀፈፋቸው።

ሰውየው በስልኩ ቢጽፍ ቢሞክር የራውተሩ ገጽ አልከፈት አለ። «ትናንት ይሄን የነካ ሰው አለ?»

«ማን ይነካዋል? አሁን አንተ እየነካካኸው ነው እንጂ!»

ሰውየው ራውተሩን አዞረው። ከጀርባው የወጣውን ቢጫ ገመድ በጣቱ ተከተለ፤ ገመዱ በጠረጴዛው እግር ዞሮ ተመልሶ እዚያው ራውተር ላይ ተሰክቷል።

አያት ክው አሉ። ትናንት ሲጠርጉ የገመዱ ጫፍ መሬት ላይ ወድቆ አገኙት፤ ልጅቷ ኮምፒውተሯን ነቅላ ወደ መኝታ ቤት ወስዳ ነበር። ኤሌክትሪክ አፍስሶ እግሯን ቢይዛትስ ብለው ባዶ ቀዳዳ ፈልገው ሰኩት። ደግሞ ልክክ ብሎ ነው የገባው!

«ሁለቱም ጫፍ እዚሁ ነው፤ የላከውን መልሶ ለራሱ ሲልክ ነው የዋለው» አለ ቴክኒሻኑ። አያትን አየት አደረገና ወደ ልጅቷ ዞረ። «ስትነቅዪው ሳታስቢ መልሰሽ ሰክተሽው ይሆናል። ያጋጥማል።»

«እኔ?» ልጅቷ ፊቷ ተለዋወጠ። «እንዲህ የምደነዝዝ ከሆነ እነሱ ፊት ምን ልናገር ነው? ይቅርብኝ በቃ!»

የሸፈነላቸው ምን ፈልጎ ነው? ዝም ቢሉ ይድናሉ። ልጅቷ ግን ኮምፒውተሯን ልትዘጋ እጇን ዘረጋች።

«እኔ ነኝ የሰካሁት!» አሉ አያት። «እንዳይዝሽ ብዬ ነው። አንቺማ ምን አጠፋሽ?»

ልጅቷ አፏን ይዛ በሳቅ ፈረሰች። ቴክኒሻኑ አንዱን ጫፍ ነቅሎ ኮምፒውተሯ ላይ ሰካላት፤ መብራቶቹ ሰከን አሉ።

በር ላይ ሲደርስ አያት መንገዱን ዘጉ። «ቦርሳህን ክፈት።»

ከፈተ። ቁርጥ የነሱን የመሰለ ራውተር ቁጭ ብሏል።

«ምናልባት ተበላሽቶ ቢሆን ብዬ የያዝኩት መለዋወጫ ነው፣ እማማ።»

«እሱን አሁን እናያለን» ብለው ሊያረጋግጡ ተመለሱ። የነሱ ራውተር ቦታው ላይ ነበረ። ቃለ መጠይቁም ተጀምሮ ልጅቷ እንደ አዋቂ ሰው ረጋ ብላ ስለ ራሷ እያወራች ነበር። አያት አንዲት ነገር እንዳይነኩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ባሉበት ቆሙ።