የሳቅንበት ሰዓት

ጉትቻው አልወልቅ አለ። ጸጉር አስተካካዩ የሚስቱን ጆሮ ይዞ መቆለፊያውን ቢፈልግም አላገኘውም። ነርሷ የሲቲ ስካን ክፍሉን በር ይዛ ትጠብቃለች።

"አባቴ፣ ቶሎ ይበሉ። ብረት ካለ ጭንቅላቷ በደንብ አይታይም።"

"ተወው አባዬ፣ እኔ ላውልቀው" አለች ልጁ። ጉትቻውን አውልቃ መዳፉ ላይ አኖረችለት። አልጋው ተገፍቶ ገባ፤ በሩም ተዘጋ።

ሚስቱ ሰፈሩን በሳቅ የምትገድል ሴት ናት። አነጋገሩን አስመስላ የማትቀዳው ሰው የለም። ደንበኞቹ ለጸጉራቸው ሳይሆን ለእሷ ነው የሚመጡት እያለ ያማርራል፤ በልቡ ግን ይኮራባታል። ዛሬ ጠዋት ሻይ ይዛለት ወደ ጸጉር ቤቱ ስትመጣ ምላሷ ተሳሰረ፣ አፏም ወደ አንድ ወገን ሄደ። ሰካራም ጎረቤታቸውን የቀዳች መስሏቸው ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። እሷ ትንሽ ቆማ ግድግዳውን ይዛ ወደ ቤት ተመለሰች። ማምሻውን ልጃቸው ከሥራ ስትገባ ወለል ላይ ወድቃ አገኘቻት።

ሐኪሟ ወጣች። "ምስሉ ላይ የፈሰሰ ደም የለም። ስትሮክ መትቷታል፤ የአንጎሏ የደም ሥር ተዘግቷል። የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለን።"

"ታዲያ ስጧታ! ምን ትጠብቃላችሁ?" አለች ልጁ።

"ከጀመራት ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ ከሆነ መድኃኒቱ ራሱ አንጎሏ ውስጥ ደም አፍስሶ ሊገድላት ይችላል። መቼ ነው የጀመራት?"

"አሁን ነዋ! እስከ ማምሻ ደህና ነበረች። ጠዋትም ጸጉር ቤት ሄዳ ስታስቃቸው ነበር። አይደል አባዬ?"

ሐኪሟ ወደ እሱ ዞረች። አዎ ቢል መድኃኒቱ ይሰጣታል። አዎ ቢል ልጁም በትናንቱ ዓይን ታየዋለች። ሌላ ተስፋ አልነበረውምና አዎ ማለት አማረው። ጉትቻውን ጨበጠው።

"ጠዋት ነው" አለ። "አፏ የተጣመመው ጠዋት ነው፣ ጸጉር ቤቱ ውስጥ። የምትቀልድ መስሎኝ..."

ልጁ እጇን ከክንዱ ላይ አነሳች።

"አይተሃት ነበር? ታዲያ ምን አልካት?"

"ሳቅኩ" አለ። "ድገሚው አልኳት። ደገመችልኝ።"