ያልሮጠው ሐኪም

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ዓይኑ ደክሞ የስፌት መኪናውን ከሸፈነ በኋላ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሆስፒታል ተከታታይ ድራማ አየ። ነፍሱን ይማረውና፣ በመጨረሻ ከሐኪም በላይ ሐኪም ሆኖ ነበር።

የሐሞት ከረጢቱ መግሎ ኦፕራሲዮን ሲታዘዝለት ግን አልፈርምም አለ። ከቆየ ሊፈነዳ እንደሚችል ተነግሮን ነበር።

«ለምን?» አልኩት ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ።

«ሐኪሙን አላየኸውም? በመተላለፊያው እየተንጎራደደ መጣ። ደህና ሐኪም ሳይሮጥ በሽተኛ ጋ ይደርሳል?»

«አባዬ፣ ለምን ይሮጣል? ሌባ ነው?»

«ደግሞ መነጽሩን አወለቀ። መነጽር አውልቀው በቀስታ ያነጋገሩት በሽተኛ አንድም ቀን ሲተርፍ አላየሁም።»

«ላቡን ሊጠርግ እኮ ነው ያወለቀው።»

«አንተ ምን ታውቃለህ፣ ኳስ ብቻ እያየህ።»

ሐኪሙ ለካ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ገብቶ አጠገቡ ተቀመጠና፣ «አባቴ፣ እኔ ከሮጥኩ ጉድ ፈልቷል ማለት ነው። በቀስታ የመጣሁት ገና ጊዜ ስላለን ነው። ዛሬ ካልፈረሙ ግን ነገ እሮጥልዎታለሁ» አለው።

አባቴ ከትራሱ ቀና አለ። «እንዲህ ያለው በድራማው የለም» አለና እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደ። ፈርሞ ሲያበቃ ሐኪሙን ከላይ እስከ ታች ገረመመው።

«ስትሰፋኝ ክር እንዳትቆጥብ፣ ልጄ። ስፌቱም ጠበቅ ይበል።»

ከዚያች ፊርማ በኋላ አራት ዓመት ኖረልኝ።