እማዬ ከቅርጫቱ አልወርድም ያለች ዕለት

አባዬ ዛፍ ቆራጭ ነበር። ቤት ላይ ያዘነበለ ወይም ሽቦ የነካ ዛፍ ሲኖር በገመድ ይወጣና ከጫፉ ጀምሮ እየቆራረጠ ያወርደዋል። እኔ ከታች ገመድ ያዥ ነበርኩ። ሥራችን አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፤ ከላይ ያለው ሳይናገር ከታች ያለው ምንም አይነካም። "አንድ ዛፍ ላይ ሁለት አዛዥ ካለ አንዱ ይቀበራል" ይል ነበር።

አንድ ቀን የጥርስ ሐኪም ግቢ ውስጥ እየሠራን ግራ እጁ ከዳው። ጣቶቹ ሳይነግሩት ተፈቱ። መጋዙ የሐኪሙ አበባ ላይ ወደቀ፤ እሱ መታጠቂያው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

"አባዬ፣ ላውርድህ?" አልኩት።

"ማን አለሽ?"

አላወረድኩትም። እንደታጠበ ሱሪ ተንጠልጥሎ እጁ እስኪመለስለት ጠበቀና ሥራውን ጨረሰ። አበባውን ግን ይቅርታ ጠየቀ።

ቤት ስንገባ ለእማዬ ነገርኳት። ሽንኩርት መክተፏን አላቆመችም። "ከእንግዲህ ገመድ የለም" አለች። "እኔ ባል ነው ያገባሁት፣ ከዛፍ የሚረግፍ ፍሬ አላገባሁም።"

ሐኪም ቤትም ነርቭ ነው አሉ፤ እጁ እንደገና መቼ እንደሚከዳው አይታወቅም። ሥራ ይተው እንዳንል ደግሞ እናውቀዋለን። አንድ ጊዜ እግሩ ተሰብሮ ቤት ሲውል የወንበሮቻችንን እግር እኩል አደርጋለሁ ብሎ አሳጠራቸው፣ እንደገና አሳጠራቸው። እስከ ዛሬ ጉልበታችንን አገጫችን ሥር አድርገን ነው የምንበላው።

የቀረን መንገድ ያገለገለ ባለ ቅርጫት መኪና መግዛት ነበር። የጭነት መኪና ነው፤ ጀርባው ላይ የሚታጠፍና የሚዘረጋ ረጅም ክንድ አለው፤ ክንዱ ጫፍ ላይ ሰው የሚቆምበት ቅርጫት። ማንሻ ስትነኪ ይወጣል፣ ስትነኪ ይወርዳል። እጅ ቢከዳም ቅርጫቱ ውስጥ ቁጭ ማለት ነው። አባዬ ሁለት መኪና አይቶ ሁለቱንም ንቋቸዋል። ወደ ሦስተኛው ስንሄድ እማዬ ለለቅሶ የምታደርገውን ጫማ አድርጋ፣ ቦርሳዋን ይዛ መኪና ውስጥ ቀድማን ተቀምጣ አገኘናት።

ሻጩን ሰው ሁሉ "ችግር የለም" ነው የሚለው፤ ከአፉ ስለማይለይ። ያሮጌ መኪናዎች ግቢ አለው፣ ከበስተኋላው በቆርቆሮ የተሸፈነ መጋዘን። መኪናው የመንገድ መብራት አምፖል ሲቀየርበት የኖረ ነው አለን። ቀለሙ የበሰለ ዱባ ይመስላል።

አባዬ ጎማውን አላየም፣ ሞተሩንም አላስነሳም። ከኪሱ ትንሽ መዶሻ አወጣና እንደ ዛፍ ግንድ ክንዱን እያንኳኳ ጆሮውን ለጠፈበት። ዛፍ ውስጡ መበስበሱን የሚያውቀው እንዲህ ነው።

"ሞቷል" አለ።

"ምኑ?" አለ ችግር የለም።

"ክንዱ። ውስጡ ተበልቶ አልቋል።"

"አባቴ፣ ሲሠራም እኮ ባዶ ነው! ቱቦ ነው። ችግር የለም።"

"አንተ ልጅ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሆዱ ባዶ የሆነ ነገር ላይ ወጥቼ አላውቅም።"

"ቁርስ ሳትበላ ስትወጣ የአንተ ሆድ ምን ነበረበት?" አለች እማዬ።

አባዬ መዶሻውን ኪሱ ከተተና ወደ እኔ ዞረ። "ነገ የትምህርት ቤቱ ዛፍ አለብን። ገመዱን ፈትሺው" አለኝና ወደ በሩ መሄድ ጀመረ።

ያን ዛፍ አውቀዋለሁ። የመማሪያ ክፍሎቹን ጣራ አልፎ የወጣ፣ ከመሃሉ በላይ መያዣ የሌለው ዛፍ ነው። እማዬም አይታዋለች።

"ልጄ፣ የዚህ ነገር በሩ በየት ነው?" አለችው ሻጩን።

"የቱ ነገር?"

"የቅርጫቱ።"

አባዬ ሞተር ሲነሳ ሰምቶ ሲዞር እማዬ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ከጭንቅላታችን በላይ ሆናለች። ክንዱ መጀመሪያ እንደ ግመል ነጠር እያለ ተነሳ፤ ኋላ ረጋ ብሎ ከመጋዘኑ ጣራ በላይ ወሰዳት።

"ውረጂ!" ብሎ ጮኸ። "እጅሽን ወደ ውስጥ! ኧረ ወደ ታች አትይ!"

"ሞተሩን አጥፋልኝ፣ ልጄ" አለች።

ሻጩ አጠፋው። ግቢው ጸጥ አለ። ክንዱ ዝቅ አላለም። አባዬ ከሥሯ ቆሞ አንገቱን አቅንቶ ያያታል፤ መዳፉን ሱሪው ላይ ይጠርጋል። ከታች ቆሞ ሰው ጠብቆ አያውቅም።

"እማዬ፣ ምን ይታይሻል?" አልኳት።

"ጣራውን የሚጠርገው ሰው የለም" አለች። ቀጥላ፣ "አንተ ሰውዬ!"

"አቤት" አለ አባዬ። ይህን ቃል ሲላት ሰምቼው አላውቅም።

"እንገዛዋለን ካላልክ አልወርድም።"

"አውርዳት!" አለው ሻጩን።

"ችግር የለም፣ ከታችም ማንሻ አለው" ብሎ ሻጩ እጁን ሰደደ። ማንሻው ጋ ሳይደርስ አባዬ አንጓውን ለቀም አደረገው።

"ምን ሆኑ አባቴ? አውርድ አላሉኝም?"

"እሷ ምን አለች?"

"አልወርድም ነው ያሉት።"

"እንግዲያው አትንካ" አለና መሬት ላይ የተጣለ ጎማ ላይ ቁጭ አለ።

ሌላ ገዢ መጥቶ ሚኒባስ አይቶ ሄደ። እማዬ እዚያው ናት።

"እጅሽን አልደከመሽም?" አላት አባዬ ቆይቶ።

"የእኔ እጅ ደህና ነው።"

ግራ እጁን ጨበጠ፣ ዘረጋ። "ቀለሙ ያስጠላል" አለ። እኛ ቤት ይህ እሺ ማለት ነው።

"አልሰማሁም!"

"እንገዛዋለን አልኩሽ!"

"ገመዱስ?"

አባዬ ከጎማው ተነሳ። "ገመዱን ትተነዋል።"

"በሉ አሁን አውርዱኝ።"

መሬት ስትረግጥ ትከሻዬን ይዛ መኪናው ጀርባ ወሰደችኝና አስመለሳት። እላይ ዓይኗን አንዴም እንዳልገለጠች ነገረችኝ።

"ጣራውንስ?"

"ወንድ ብቻውን በሚውልበት ግቢ መች ጣራ ይጠረጋል?"

አባዬ እስከ መጨረሻው በዚያ ቅርጫት ሠራ፣ እስከ መጨረሻውም ተሳደበ። ቅርጫት ውስጥ ቆሞ ዛፍ መቁረጥ ጸጉር ቤት መክፈት ነው ይል ነበር። እጁ ሁለት ጊዜ ሲከዳው አይቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ቅርጫቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ እኔ እንዳላይ ፊቱን አዙሮ ጠበቀ።

ባለፈው ወር አረፈ፤ ልቡ ነው። ለቅሶ የሚመጣ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ከዛፍ ነው?" ይላል፤ ሁሉም ሲጠብቅ የኖረው ያንን ነበርና።

"ኧረ በጭራሽ፣ አልጋው ላይ ነው" ትላለች እማዬ፣ ከፍ ባለ ድምፅ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "ጫማውን አውልቆ።"

ከዚያ ነው የምታለቅሰው።