ቀስቷ የቆመችበት ቀን

ንድፍ ሠሪዋ በዚያ ጠዋት ላፕቶፗን ስትከፍት ሥራዋ ሊያልቅ ጥቂት ነበር የቀረው። ለአንድ ትንሽ የሕፃናት ክሊኒክ የምትሠራው ንድፍ ነው፤ የተረፈው የመጠበቂያው ክፍል መስኮቶችና የደረጃው መደገፊያ ብቻ ነበር። ባለቤቶቹ ከሰዓት በኋላ ይጠብቁታል፤ ግንበኞቹም በማግስቱ ሊጀምሩ ተሰናድተዋል። ጣቷን ታችፓዱ ላይ አሳርፋ ገፋ አደረገች። ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ግን ንቅንቅ አላለችም።

መጀመሪያ አልደነገጠችም። ጣቷ የረጠበ መስሏት በቀሚሷ ጠራርጋ ሞከረች። አልሆነም። ላፕቶፑን አጥፍታ አስነሣችው፤ ቀስቷ መሃል ላይ እንደ ችካል ተተክላ ጠበቀቻት። ሳይታወቅ ሲነካ ታችፓዱን የሚዘጋ ቁልፍ መኖሩ ትዝ አላትና እሱንም ፈልጋ ደጋግማ ተጫነችው። በመጨረሻ በኪቦርዱ ብቻ እየዳኸች ማስተካከያው ውስጥ ገባች። እዚያ "በርቷል" ይላል። በርቷል የተባለው ግን ጭጭ ብሏል።

አማቷ፣ የባሏ እናት፣ በሩ ላይ ቆመው ያዩዋታል። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው፤ ቤቱን የያዙት እሷ፣ ገና አፏን የፈታች ልጇና እኚህ አማቷ ናቸው። ወሬ ከሳቸው ዘንድ ስለማያድር የሰፈሩ ሰው "ራዲዮ" ይላቸዋል። ያን ጠዋት ግን ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር። ቁርስ ቀርቦላቸው አልነኩትም።

"ተበላሸ እንዴ?" አሉ ቀስ ብለው።

እንጃ፣ ገና አልገባኝም አለቻቸው። ውሃ ላምጣልሽ ብለው መልስ ሳይጠብቁ ወደ ጓዳ ገቡ፤ ውሃውንም ሳያመጡ እዚያው ቀሩ። እሷም ጭንቅ ላይ ስለነበረች ልብ አላለቻቸውም።

ኋላ የባሏ አሮጌ ማውስ ትዝ አላት። ከመሳቢያ ጎርጉራ አውጥታ ስትሰካው ቀስቷ ፈትለክ ብላ ሮጠች። እፎይ አለች። ታችፓዱ ለራሱ ይወቅበት፣ ሥራዬ እስኪያልቅ በዚህ እዘልቃለሁ ብላ መስኮቶቿን መደርደር ጀመረች።

ጥቂት እንደሠራች ሌላ ነገር ያስቸግራት ጀመር። እጇን ባሳረፈች ቁጥር ላፕቶፑ እግሩ እንደ ተሰበረ በርጩማ ወዲያና ወዲህ ይላል። ጠረጴዛው መስሏት እግሩ ስር ካርቶን ሸጎጠች። መወዛወዙ አልቀረም። ጎንበስ ብላ በጎን ስታየው የላፕቶፑ ሆድ ወጣ ወጣ ብሏል፤ ታችፓዱም ባንድ ወገን ከፍ ብሎ ከዳሩ ተላቋል። በአውራ ጣቷ ተጭና ልትመልሰው ስትል አማቷ ከኋላዋ ተናገሩ።

"ተይው ልጄ፣ አትድከሚ። እኔ ነኝ የገደልኩት።"

ዞር አለች። አማቷ እጃቸውን አጣምረው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ቆመዋል። ትናንት እሷ ልጇን ይዛ ወጣ ባለችበት ላፕቶፑ አቧራ ለብሶ ቢያዩት በእርጥብ ጨርቅ ወልውለውት ኖሯል። ጠዋት ቀስቷ አልሄድ ስትል ገና ከበሩ ላይ ሆነው ጥፋታቸው ገብቷቸው ነበር። ልንገራት አልንገራት፣ መተዳደሪያዋን አጠፋሁባት እያሉ ሲብሰለሰሉ አረፈዱ።

ንዴት ሽቅብ መጣባት። አማቷን ቀና ብላ ስታያቸው ግን ፊታቸው ላይ ደም አልነበረም፤ ንዴቷን ዋጠችው። ጨርቁ ምን ያህል ርሶ እንደነበር ብቻ ጠየቀቻቸው። ጥምዝ አድርጌ ጨምቄዋለሁ አሉ። ውሃ እንዴት አድርጎ ሆድ እንደሚነፋ ሊገባት አልቻለም። ስልኳን አንሥታ ጥግ ላይ ሱቅ ላለው ጠጋኝ ደወለች፤ ከፍቶ ያላየው ዕቃ ስለሌለ "ቀዶ ጥገና" እያሉ የሚጠሩት ሰው ነው።

ቀልደኛ ነበር፤ አሁን ግን ወሬዋን እንኳ አላስጨረሳት።

"መጀመሪያ ቻርጀሩን ንቀይ። ሥራሽን ቶሎ ፍላሽ ላይ ገልብጪና ላፕቶፑን አጥፊው። እንዳትጫኚው፤ ቦርሳም ውስጥ እንዳትከቺው። በእጅሽ ይዘሽው ነይ።"

እንቁላል እንደ ተሸከመ ሰው በሁለት መዳፏ ይዛው ወጣች። አማቷም አልቀርም ብለው ልጅቷን አዝለው ተከተሏት፤ ሲራመዱ ፍርዱን ሊሰማ የሚሄድ ተከሳሽ ይመስሉ ነበር።

ጠጋኙ ብሎኖቹን ፈትቶ የጀርባውን ክዳን ቀስ ብሎ አነሣ። ከውስጥ እንደ ቸኮሌት ጠፍጣፋ መሆን የነበረበት ባትሪ እንደ ትራስ ተነፍቷል። ታችፓዱን ከስር የገፋው ይሄ ነው አላቸው። ብዙ ያገለገለ ባትሪ ሙቀት ሲበዛበት እንዲህ ያብጣል፤ እብጠቱም የአንድ ቀን ሥራ አይደለም።

"ጨርቁስ?" አሉ አማቷ።

"የምን ጨርቅ?"

ነገሩት። ጠጋኙ ሳቅ አለ። "እማማ፣ ጨርቅ ባትሪ አያሳብጥም። እርስዎ ያደረጉት ነገር ቢኖር ሥራዬን አቅልለውልኛል፤ ከላይ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ የመጣልኝ ላፕቶፕ የለም።"

አማቷ በርጩማው ላይ ዘፍ ብለው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ሰውየው ግን ወደ ምራታቸው ዞሮ ላፕቶፑን ማታ ማታ የት እንደምትሰካው ጠየቃት። አልጋ ላይ አለች፤ ሥራ ሲያመሻት ብርድ ልብሱ ላይ እንደ ተሰካ ትታው ትተኛለች። ከጎኗ ልጇ አለች። ይህን እየተናገረች ድምፅዋ እያነሰ ሄደ። ጠጋኙ እንዲህ ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያነሣ እንደሚችል ነገራት። ልጇን ከአማቷ ጀርባ አውርዳ እቅፍ አደረገቻት፤ ልጅቷ "አመመኝ" እስክትል ድረስ አልለቀቀቻትም። ቀስቷ ባትቆም፣ ላፕቶፑም ባይወዛወዝ ኖሮ ጎንበስ ብላ የምታይበት ምክንያት አልነበራትም። ሥራዋን ጨርሳ፣ ማታ እንደ ልማዷ አልጋው ላይ ትሰካው ነበር።

"ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይሄ ነው" አሉ አማቷ። ከዚያ በኋላ ወሬያቸው አልቆመም፤ ጠጋኙን ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ሱቁ፣ ማግባት አለማግባቱን ሳይቀር እየጠየቁ ሥራውን አስጨረሱት።

ባትሪውን በጥንቃቄ አውጥቶ ደጅ ባለ አሸዋ ባልዲ ውስጥ አኖረው። ከስር የሚገፋው ሲነሣለት ታችፓዱ ወደ ቦታው ተመለሰ። አዲስ ባትሪ እስኪመጣ በቻርጀሩ ብቻ ይሠራል፤ ግን ጠረጴዛ ላይ እንጂ አልጋ ላይ አይውጣ ብሎ አስጠነቀቃት። ማስጠንቀቂያ እንኳ አላስፈለጋትም።

ቤት ገብታ መስኮቶቹን ጨረሰች፤ የደረጃውን መደገፊያ ለትንንሽ እጆች እንዲመች ትንሽ ዝቅ አደረገችውና ላከችው። ከባለቤቶቹ መልስ ወዲያው መጣ፤ ደርሶናል፣ ጥሩ ነው ብለዋል። ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ተንጠራራች።

አማቷ ጎኗ መጥተው ቆሙ።

"እስቲ እኔም ልንካው? አሁን ምን ያደርገኛል?"

ጣታቸውን ይዛ ታችፓዱ ላይ አሳረፈችላቸው። መጀመሪያ ፈሩ፤ ከዚያ ገፋ አደረጉት። ቀስቷ በክሊኒኩ በር ገብታ፣ የመጠበቂያውን ክፍል አቋርጣ መስኮቱ ጋ ደረሰች።

"ገባሁ" አሉ አማቷ፤ እጃቸውንም አላነሡም።